ባለ ሸራ ጀልባን ለክረምት በራስ እጅ መሸፈን፦ ከመጀመሪያው ቋሚ እስከ መጨረሻው ቋጠሮ

ሸራ ገዝቶ ጀልባ ላይ ጣል ማድረግና ዙሪያውን በገመድ ጠፍሮ መሄድ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ውጤቱን ማየት የፈለገ ፌብሩዋሪ ላይ በቶሮንቶ ዙሪያ፣ በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ባሉት የጀልባ ማቆሚያዎች ወጣ ብሎ ይመልከት። መሃሉ ሰርጉዶ ውሃ የቋጠረ፣ ውሃውም ድንጋይ ሆኖ የተንጠለጠለበት ሸራ አለ። ቀለበቶቹ ተገንጥለው ቀንና ሌሊት በንፋስ የሚራገፍም አለ። ከሥራቸው ያለው ጀልባ ባይሸፈን ይሻለው ነበር።

ይህ መመሪያ ጀልባው ላይ ጣራ ለመሥራት ነው። አገር ቤት ዳስ ሲጣል ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም፦ ቋሚ፣ አናት፣ ማገር፣ ከዚያ በኋላ ሸራ። ልዩነቱ ዳስ ለሦስት ቀን ሲሆን ይህኛው ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ኤፕሪል መቆም አለበት። (ክረምት የምንለው የካናዳውን ብርድ ነው። ሆኖም የሐምሌን ዝናብ ለሚያውቅ ሰው ጣራ ለምን ሹል መሆን እንዳለበት ማስረዳት አያስፈልግም።)

ልኮቹ እንዳይዋዥቁ አንድ ጀልባ ይዘን እንሂድ፤ እዚያው ኦንታሪዮ ውስጥ ይሠራ የነበረውን ሲ ኤንድ ሲ 27። ርዝመቱ 8.3 ሜትር፣ ትልቁ ስፋቱ 2.8 ሜትር ገደማ ነው። ምሰሶው ወርዶ ለብቻው ተቀምጧል፤ ጀልባው ከውሃ ወጥቶ ክብደቱን በኪሉ (ከሆዱ ሥር ወደ ታች በሚወርደው ከባድ አካል) ላይ አድርጎ በደጋፊ ብረቶች ቆሟል። የእናንተ ጀልባ ሌላ ከሆነ ልኩን ቀይሩ፣ አሠራሩ አይለወጥም። ደግሞ በእኛ ቋንቋ ሁለቱም ሸራ ስለሚባሉ፣ ከዚህ በታች «ሸራ» የምንለው መሸፈኛውን ብቻ ነው፤ ጀልባውን የሚነዳውን «የንፋስ ሸራ» እንለዋለን።

ጣራው የሚታገለው ከምን ጋር ነው

ብርዱ ብቻውን ጀልባው የተሠራበትን ፋይበርግላስ አይጎዳም። የሚጎዳው ውሃ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በጠባብ ቦታ የተያዘ ውሃ ያን ጊዜ ያቀፈውን ነገር ይሰነጥቃል። ሲ ኤንድ ሲን የመሳሰሉ ጀልባዎች የላይኛው ወለላቸው በሁለት የፋይበርግላስ ንጣፍ መሃል ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት አለው። በአንድ የላላ ብሎን ቀዳዳ የገባ ውሃ እዚያ ውስጥ እየረጋና እየቀለጠ ንጣፎቹን ያላቅቃል። የቶሮንቶ ክረምት ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ከዜሮ በታች ቆይቶ ድንገት ይዘንባል፣ በማግስቱ መልሶ ይረጋል።

ሁለተኛው ክብደት ነው። 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ አዲስ ለስላሳ በረዶ በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በዚህ ጀልባ ልክ (17 ካሬ ሜትር ገደማ) ይህ ወደ 350 ኪሎ ይሆናል። ያው በረዶ እርጥብና የተጠቀጠቀ ከሆነ በቀላሉ ከአንድ ቶን ያልፋል። ይህን የሚሸከም መዋቅር መሥራት ይቻላል፤ ግን ብልሃቱ በረዶው እንዳይቀመጥ ማድረግ ነው። ለዚህም የጣራው ዝቅዝቃት ቢያንስ 45 ዲግሪ ይሁን። በ30 ዲግሪ ፕላስቲክ ላይ ደረቁ በረዶ ይንሸራተታል፣ እርጥቡ ግን ይቀራል፤ ዋናው ጠላት ደግሞ እርጥቡ ነው።

ሦስተኛው ንፋስ፣ አራተኛው የታፈነ አየር ነው። ሁለቱም የሚፈቱት ሸራውን ስንወጥርና ስናስር ነው፤ ወደ እነሱ እንመለሳለን።

ከመሸፈናችሁ በፊት

ጣራው ከቆመ በኋላ እየተንፏቀቁ መሥራት አይመችም፤ ስለዚህ የጀልባው ውስጥ ሥራ ቀድሞ ይለቅ። ሞተሩና የውሃ መስመሩ ለጀልባ በተሠራው ሮዝ ፀረ ብርድ ፈሳሽ (በፕሮፒሊን ግላይኮል) ይሞሉ። የመኪናው ኤትሊን ግላይኮል መርዝ ስለሆነ ወደ መጠጥ ውሃ መስመር አይገባም። ባትሪው ሙሉ ተሞልቶ ይቀመጥ፤ የተራገፈ ባትሪ ይረጋና ይሰነጠቃል። የንፋስ ሸራዎቹ በሙሉ ይውረዱ፣ ፍራሾቹ ወደ ቤት ይሂዱ። ወደ ቤት መውሰድ ካልተቻለ አየር እንዲዞራቸው በጎናቸው ይቁሙ። ከቀፎው (ከጀልባው የውጭ አካል) የሚወጡ ቧንቧዎች ቫልቭ ሁሉ ክፍት ይሁን፤ የተዘጋ ቫልቭ በሆዱ ውሃ ይዞ ይሰነጠቃል።

የኮክፒቱን ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ለየብቻ እንጥቀሳቸው። ኮክፒት የምንለው መሪው ያለበትን፣ ሰዎች የሚቀመጡበትን ጎድጓዳ ቦታ ነው። እነዚህ ሁለት ቀዳዳዎች በረገፈ ቅጠል ከተደፈኑ ኮክፒቱ ገንዳ ይሆናል፤ ውሃው ሲሞላ በመግቢያው በኩል ወደ ጎጆው (ወደ ውስጠኛው ክፍል) ይፈስሳል። መሬት ላይ ቆሞ የሚሰምጥ ጀልባ ቀልድ ይመስላል፣ ግን የሚሆን ነው። አንድ ባልዲ ውሃ ደፍታችሁ በስንት ሰከንድ እንደሚወርድ እዩ።

ከዚያ ወለሉን በሳሙና እጠቡና አድርቁ። ቆሻሻ የሻጋታ ምግብ ነው።

በመጨረሻ የጎን ዘንጎቹን ንቀሉ። በጀልባው ዙሪያ የቆሙት 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያላቸው፣ መከላከያ ሽቦ የሚያልፍባቸው ዘንጎች ማለታችን ነው። ብዙ ሰው ይህን ሥራ ይዘልለውና ሸራውን በዘንጎቹ ላይ ያሳርፋል። የሁለት ስህተቶች መነሻ ነው፦ ዘንጉ ሸራውን ይበሳል፤ በረዶ ሲጫነው ደግሞ ሥሩን ያንገዳግድና ያን የባልሳ ወለል ለውሃ ይከፍታል። በብዛት እያንዳንዱ ዘንግ በመሠረቱ ላይ በአንዲት ትንሽ ብሎን ነው የተያዘው። ሽቦውን አላልታችሁ፣ ብሎኗን ፈትታችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ባዶ የቀረውን መሠረት በቴፕ ድፈኑት፤ እዚያ የቆመ ውሃ ሲረጋ መሠረቱን ይሰነጥቀዋል። የፊትና የኋላ መከታ ብረቶቹ ባሉበት ይቆዩ፤ ለጣራው ይጠቅማሉ።

የሚያስፈልገው

እንጨት መሸጫዎቹ በኢንችና በጫማ ስለሚሸጡ በዚያው እንጻፍ። ባለ 2 በ 4 የሚባለው ትክክለኛ ልኩ 38 በ 89 ሚሊ ሜትር ነው፤ አገር ቤት ሞራሌ የምንለው ዓይነት። ባለ 1 በ 3 ደግሞ 19 በ 64 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሊስቴሎ እንበለው።

- ሞራሌ፣ ባለ 10 ጫማ (3 ሜትር)፦ 3። ለአናት እንጨት።
- ሞራሌ፣ ባለ 8 ጫማ (2.4 ሜትር)፦ 6። ለቋሚዎች።
- ሊስቴሎ፣ ባለ 8 ጫማ፦ 50። 26ቱ ለክንፍ (ከአናቱ ወደ ግራና ቀኝ ለሚወርዱት)፣ 16ቱ ለማገር፣ የቀሩት ለሰያፍ ድጋፍና ለመጠባበቂያ። በዓይናችሁ እያያችሁ ምረጡ፤ ትልቅ ጉጥ ያለበት ሊስቴሎ ከጉጡ ይሰበራል።
- ኮምፔንሳቶ፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ አንድ ሙሉ ሉህ። ለቋሚዎቹ እግርና ለመጋጠሚያ።
- ብሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው፦ ባለ 8 ሚሊ 20፣ ባለ 6 ሚሊ 15። የእንጨት ቪቲ ባለ 5 ሴንቲ ሜትር አንድ ሣጥን።
- አሮጌ ምንጣፍ፤ የቧንቧ መሸፈኛ ስፖንጅ 20 ሜትር።
- ባለ 6 ሚሊ ገመድ 100 ሜትር፣ ባለ 3 ሚሊ ሲባጎ 50 ሜትር።
- ሸራ፣ 20 በ 40 ጫማ (6.1 በ 12.2 ሜትር)።

ስለ ሸራው ትንሽ እንቆይ። ርካሹ ሰማያዊ ሸራ በካሬ ሜትር ከ100 ግራም አይበልጥም፤ አንድ ክረምት ቢጨርስ ነው። ከ170 ግራም በላይ የሆነ፣ ፀሐይ እንዳይበላው የታከመ፣ ነጭ ወይም ብርማ ሸራ ሲያያዝ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ጥቁር አትግዙ፤ በማርች ፀሐይ ውስጡን ያሞቅና ሌሊት ጤዛ ያዘንባል። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ልክ ብዙ ጊዜ ከመታጠፉ በፊት ያለው ነው፤ ጠርዙ ተሰፍቶ ሲያልቅ ከየአቅጣጫው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጎድላል። ጀልባው 27 ጫማ ሆኖ ሳለ ለምን 30 ጫማ እንደማይበቃ የሚያስረዳውም ይህ ነው። ፊትና ኋላውን ለመዝጋት የሚተርፍ አይኖርም።

በሙቀት ጀልባው ላይ የሚጣበቅ ነጭ ፕላስቲክም አለ። ጥሩ ይወጠራል፤ ነገር ግን በጋዝ እሳት የሚሠራ ስለሆነ ብዙ ማቆሚያ ባለጀልባው ራሱ እንዲያደርገው አይፈቅድም፣ በዚያ ላይ በየዓመቱ ተቀዶ ይጣላል። የፕላስቲክ ቧንቧ አጉብጦ ጣራ መሥራትም ይታያል። በብርድ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከክብደት በታች ይሰረጉዳል። ገንዘባችሁን በእንጨት ላይ አውሉት።

ማዋቀሩ

ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ቅዳሜና እሑድ ይዛችሁ ግቡ። የጀልባው ወለል ከመሬት ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይላል፣ የጎን ዘንጎቹም ተነቅለዋል፤ ስለዚህ መሰላሉን ላይኛው ጫፉ ላይ እሰሩትና ጠርዝ ላይ ቆማችሁ አትሥሩ። ደጋፊ ብረት ደግሞ ሥራችሁን ቢያስቸግርም ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ማዛወር ካስፈለገ የማቆሚያው ሠራተኛ ያድርገው።

መጀመሪያ ቋሚዎቹ። ስድስት ናቸው፦ አንዱ በአፍንጫው፣ በፊት መከታ ብረቱ ውስጥ፤ ሁለተኛው በፊተኛው ወለል መካከል፤ ሦስተኛው ምሰሶው በነበረበት ቦታ፤ አራተኛው በጎጆው መግቢያ ደፍ ላይ፤ አምስተኛው በኮክፒቱ ወለል ላይ፤ ስድስተኛው በኋላ መከታ ብረቱ አጠገብ። ለእያንዳንዱ 30 በ 30 ሴንቲ ሜትር የኮምፔንሳቶ እግር ቁረጡና ከሥሩ ምንጣፍ ለጥፉበት። እግሩ የሚያርፍበት ቦታ ዋናው ነገር ነው። መስኮት ላይና ባዶ ወለል መካከል አይሁን፤ ከሥሩ የውስጥ ግድግዳ ያለበትን ቦታ ፈልጉ። በጡጫ ስትመቱት ድምፁ የሚለወጥበት፣ ጠጠር የሚልበት እዚያ ነው። ምሰሶው ወለሉ ላይ የሚቆም ዓይነት ከሆነ የነበረበት ቦታ ከሁሉ የጠነከረ ነው፤ ድሮም ትልቅ ጫና እንዲችል የተሠራ ነውና።

ቁመቱን ከጀልባው ጠርዝ ለኩ። በመካከል (ሦስተኛውና አራተኛው ቋሚ) የአናቱ ከፍታ ከጠርዙ በላይ 1.5 ሜትር ይሁን። የግማሹ ስፋት 1.4 ሜትር ስለሆነ ዝቅዝቃቱ 47 ዲግሪ ያህል ይወጣል። ወደ አፍንጫው ስፋቱ ስለሚጠብ አናቱ እስከ 85 ሴንቲ ሜትር ሊወርድ ይችላል፤ መከታ ብረቱን በትንሹ ብቻ ይለፍ። በኋላ 1.2 ሜትር ያህል ይበቃል። በሁለቱም በኩል መውረዱ ለውሃውም ለንፋሱም ይረዳል።

አናት እንጨቱ ሦስት ቁራጭ ነው። ሞራሌዎቹን በጠባብ ጎናቸው አቁሙ፤ በጠፍጣፋው ካስተኛችኋቸው ይጎብጣሉ። መጋጠሚያዎቹ በሦስተኛውና በአራተኛው ቋሚ ላይ ይረፉ። በግራና በቀኝ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የኮምፔንሳቶ ቁራጭ አድርጋችሁ በአራት ባለ 8 ሚሊ ብሎን እሰሯቸው። ሚስማር አትጠቀሙ፤ ንፋሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወዛውዘው ይላላል፣ በኤፕሪልም ለመፍታት እንጨቱን ታበላሻላችሁ። ቋሚዎቹን ከአናቱ ጋር ካገጠማችሁ በኋላ፣ ከፊትና ከኋላ መከታ ብረቶቹ ጋር በሲባጎ ጠፍሯቸው፤ ከዚያም በሁለት ቋሚዎች መሃል ሊስቴሎ በሰያፍ በቪቲ እሰሩ። አናቱን ይዛችሁ ወዝውዙት። ጀልባው ከተነቃነቀና መዋቅሩ ብቻውን ካልተንቀጠቀጠ ልክ ነው።

ቀጥሎ ክንፎቹ። ሁለት ሊስቴሎ ከላይኛው ጫፋቸው 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ ብሱና በአንድ ባለ 6 ሚሊ ብሎን አያይዟቸው፤ እንደ መቀስ ይከፈታሉ፣ ለማስቀመጥም ይታጠፋሉ። የሚሻገሩበትን ቦታ በአናት እንጨቱ ላይ አሳርፉና በአንድ ቪቲ ያዙት። ከአናቱ በላይ የሚቀረውን ጫፍ በመጋዝ አሳጥራችሁ አድቦልቡሉት። በየ60 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ጥንድ፣ በድምሩ 13። ብዙ ሰው እንጨት ለመቆጠብ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ያራርቃቸዋል፤ ያኔ በክንፍና በክንፍ መሃል ሸራው ይሰረጉዳል፣ የመጀመሪያው ዝናብም እዚያ ይቋጠራል። አንድ ካሬ ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የተኛ ውሃ 100 ኪሎ ነው፤ ስርጉዱን እያሰፋ ሌላ ውሃ ይጠራል።

የክንፎቹ የታችኛው ጫፍ በጀልባው ጠርዝ ላይ ያርፋል። ሲ ኤንድ ሲዎች በጠርዛቸው ዙሪያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው አሉሚኒየም አላቸው፤ ሲባጎውን በቀዳዳው አሳልፋችሁ ክንፉን እሰሩ። እንዲህ ዓይነት ጠርዝ የሌለው ጀልባ ከሆነ ሁለቱን ጫፎች በወለሉ ላይ በሚያልፍ ገመድ እርስ በርስ ያዟቸው፤ ሸክም ሲመጣ ወደ ውጭ እንዳይፈናጠሩ።

ከዚያ ማገር፦ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ረድፍ ሊስቴሎ ከፊት እስከ ኋላ፤ አንዱ በክንፉ ወገብ፣ አንዱ ከጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ። ማገሩን ከክንፎቹ በውስጥ በኩል እሰሩት። በውጭ ካደረጋችሁት የሚንሸራተተውን በረዶ የሚያቆም መደርደሪያ ሠራችሁ ማለት ነው።

አሁን እጃችሁን በመዋቅሩ ላይ ሁሉ አሂዱ። እጃችሁን የሚቧጥጥ ነገር ሸራውን ይቀድዳል። የቪቲና የብሎን ጭንቅላት ሁሉ በምንጣፍ ይሸፈን። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ምንጣፍ በአናቱ ርዝመት ሙሉ ይዘርጋ። የአሉሚኒየሙ ጠርዝ ስለታም ስለሆነ ስፖንጁን ሰንጥቃችሁ አልብሱት፤ መከታ ብረቶቹን እንዲሁ። ሸራ የሚሞተው በአብዛኛው በእነዚህ አራት አምስት ቦታዎች ነው፤ ለዚህ ግማሽ ሰዓት ተጨማሪ ስጡት።

እግረ መንገዳችሁንም ሁሉንም ቁራጭ በማይጠፋ ቀለም ቁጥር ጻፉበት፤ ክንፎቹን ከፊት ወደ ኋላ ከ1 እስከ 13፣ ግራና ቀኝ ለይታችሁ። የሚመጣው ዓመት ሥራ በግማሽ ቀን የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሸራውን መጣልና መወጠር

ንፋስ በሌለበት ማለዳ ይሁን። 70 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ሸራ ንፋስ ከገባበት ሁለት ሰው አይይዘውም። መሬት ላይ በርዝመቱ እንደ አኮርዲዮን አጥፉት፤ ወደ ላይ አንሥታችሁ በአናቱ ላይ ከፊት እስከ ኋላ አስተኙት፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ወደ ግራና ቀኝ ልቀቁት። መካከሉ በአናቱ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። በየጎኑ ከጠርዙ በታች አንድ ሜትር ገደማ፣ ከፊትና ከኋላ ደግሞ ሁለት ሜትር ያህል ይተርፋል።

ያገኛችሁበት ቦታ ሁሉ አትሰሩት፤ በዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የሚታወስ ከሆነ ይህ ይሁን፦ የሸራው ገመድ በምንም ዓይነት በደጋፊ ብረቶቹ ላይ አይታሰርም። የሚመች ይመስላል፣ በትክክለኛው ቁመት ላይ ቆሞ «እሰሩኝ» ይላል። ንፋስ ሸራውን ሲያነሳው ግን ገመዱ ብረቱን በትንሽ በትንሹ እየነቀነቀ ከቦታው ያወጣዋል። አንዱ ደጋፊ ሲወጣ ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝነው ጀልባ ይወድቃል፤ ጎረቤቱንም ይዞ። በዚያው አጋጣሚ፣ ፊት ለፊት የቆሙት ደጋፊዎች ከሥር በሰንሰለት መያያዛቸውንና እግራቸው ለስላሳ መሬት ላይ ከሆነ ከሥሩ ጣውላ መኖሩን እዩ። ጣራው ከተሠራ በኋላ ጀልባው ለንፋስ የሚሰጠው ጎን በጣም ይሰፋል።

ትክክለኛው መንገድ ገመዱን ከጀልባው ሆድ ሥር ማሳለፍ ነው። ከግራው ጠርዝ ተነሥቶ፣ በቀፎው ሥር አልፎ፣ በቀኙ ጠርዝ ያልቃል። በየ80 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ይሁን። ከፊት ጀምሩ፣ ግራና ቀኙን እኩል እያጠበቃችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ኪሉ ባለበት ቦታ ገመድ አያልፍም፤ በዚያ ያሉትን ቀለበቶች በሰያፍ ከኪሉ ፊት ወይም ከኪሉ ኋላ በሚያልፉት ገመዶች ላይ እሰሩ። በፕሮፔለሩ ዘንግና ከኋላ ውሃ ውስጥ በሚገባው የመሪው ክፍል ላይ አትለፉ። ገመዱ ከቀፎው ጥግ ጋር በሚፋተግበት ቦታ ፎጣ ወይም ስፖንጅ አስገቡ፤ አቧራ የያዘ ገመድ በአምስት ወር ውስጥ ቀለሙን ይሞርዳል።

ለማጥበቅ የጭነት መኪና ሹፌሮች ሸራ የሚወጥሩበት ቋጠሮ ይሻላል፦ ከገመዱ መካከል ላይ ተንሸራታች ዓይን ትሠራላችሁ፣ ጫፉን በሸራው ቀለበት አሳልፋችሁ ወደ ዓይኑ ትመልሱና ወደ ታች ትስባላችሁ። ጉልበታችሁ ይበዛል፣ ለመፍታትም በአንድ ስበት ይለቃል። የላስቲክ መወጠሪያ በብርድ ይዝላል፣ ተስፈንጥሮም ዓይን ያጠፋል፤ አትጠቀሙ።

የሸራው ቀለበት ሲገነጠል (ይገነጠላል) ወይም ቀለበት በሌለበት ቦታ ማሰር ካስፈለጋችሁ፣ የጎልፍ ኳስ ወይም ለስላሳ ጠጠር ከሸራው ውስጥ አድርጉና ከውጭ አንገቱን በገመድ እነቁት። ከፋብሪካው ቀለበት የበለጠ ይይዛል፣ ሸራውንም አይበሳም። ኃይል በሚበዛባቸው አራቱ ማዕዘኖች ላይ ከመጀመሪያውም እንዲህ አድርጉ።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ አንድ ገመድ በጀልባው ዙሪያ፣ ከጠርዙ 40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ እንደ መቀነት አዙራችሁ አጥብቁ። ይህ መቀነት የሸራውን የታችኛ ጫፍ ከቀፎው ጋር ያስተኛዋል፤ ንፋስ የሚገባበትን አፍ ይዘጋል። የላላ ሸራ በንፋስ ሲራገፍ ራሱን ይበጣጥሳል፣ የቀፎውን ቀለምም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። መዳፋችሁን አሳርፋችሁ ምቱት፤ እንደ ከበሮ መጮህ አለበት።

አየር

ጫፎቹን እንደ ፖስታ አጥፋችሁ ስትዘጉ ሙሉ በሙሉ አትዝጉ። በፊትም በኋላም፣ ከአናቱ ሥር ወዲያው፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ባለሦስት ማዕዘን ክፍተት ተዉ። በላዩ ላይ ከትርፉ ሸራ እንደ ቆብ ያለ ጥላ አድርጉለት፤ በረዶ ይከለከላል፣ አየር ይገባል። ሁለቱ ክፍተቶች ትይዩ ስለሆኑ ንፋሱ ራሱ ውስጡን ያናፍሰዋል። የጎጆው መስኮቶች በ2 ሴንቲ ሜትር ይከፈቱ፤ በመግቢያው ጣውላ ምትክ ወንፊት ሽቦ ግጠሙ፤ የውስጥ ሣጥኖችና የወለል ክዳኖች ክፍት ይሁኑ። ብርድ እንዳይገባ ብሎ የሚደፍን ሰው በኤፕሪል ግድግዳው ላይ ጥቁር ሻጋታ ይቀበለዋል። በኋላ በኩል ሸራው ተደራርቦ የሚከፈት በር ይኑረው፤ መሰላሉም እዚያ ይሁን። ከሸራው ሥር ሞተርም ሆነ የጋዝ ማሞቂያ አታስነሡ፤ ከእነሱ የሚወጣው መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም።

ምሰሶው ካልወረደ ወይም እንደ አናት ካገለገለ

የወረደውን ምሰሶ ራሱን አናት እንጨት ማድረግ የተለመደ ነው፣ እንጨትም ይቆጥባል። ሁለት ነገር ይጠበቅበታል፦ በየሁለት ሜትሩ ቋሚ፣ አለበለዚያ ይጎብጣል፤ ገመዶቹና መብራቶቹም ተነሥተው መላው ምሰሶ በምንጣፍ መጠቅለል አለበት። ከፊትና ከኋላ የሚያልፈውን ጫፍ መንገደኛ እንዳይገጨው ቀይ ጨርቅ እሰሩበት።

ምሰሶው ቆሞ ከከረመ አናቱ በሁለት ይከፈላል፣ ሸራውም ሁለት ይሆናል፤ የፊተኛው ከምሰሶው 50 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ አልፎ በኋለኛው ላይ ይደረብ። በምሰሶው ዙሪያ ያለውን ቀዳዳ በአሮጌ የጎማ ቱቦና በሰፊ ማሰሪያ አጥብቃችሁ እንደ አንገትጌ ዝጉት። ውሃ ግን በምሰሶው ውስጥም ስለሚወርድ የጀልባውን ሆድ በየጊዜው ማየት ይቀርላችኋል ማለት አይደለም።

በክረምቱ ውስጥ

አዲስ ሸራ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይለጠጣል፤ ተመልሳችሁ ሁሉንም ገመድ እንደገና አጥብቁ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱና ከእያንዳንዱ ከባድ ንፋስ ወይም በረዶ በኋላ መሄድ ይበቃል። የተቀመጠ በረዶ ካለ ከውስጥ ሆናችሁ በመጥረጊያ ለስላሳ ጎን ወደ ላይ ገፋ ገፋ አድርጉት፤ ይንሸራተታል። ከውጭ በአካፋ አይነካም። የረጋ በረዶ ከሆነ ተዉት፤ በብርድ የደረቀ ፕላስቲክ ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ፀሐይ ስትወጣ ግን ራሱ ይለቃል። የተቀደደ ካገኛችሁ ደረቅና ሞቅ ያለ ቀን ጠብቁ፤ በእርጥብ ሸራ ላይ ቴፕ አይዝም። እስከዚያው የኳሱ ብልሃት ይሠራል።

ውሃ የሚቋጠርበት ስርጉድ ከተገኘ ሸራውን ብቻ ማጥበቅ አይፈታውም፤ መዋቅሩ በዚያ ቦታ ጎድሏል ማለት ነው። ተጨማሪ ሊስቴሎ ከሥሩ አስገቡ።

ሲፈታ

ኤፕሪል ላይ፣ ሸራው በደረቀበት ቀን ከመቀነቱ ጀምራችሁ ፍቱ፤ የንፋስ አቅጣጫ የሆነው ጎን መጨረሻ ይለቀቅ። እርጥብ ሸራ አጥፎ ማስቀመጥ ሻጋታን ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየት ስለሆነ አንድ ቀን አጥር ላይ ይሰጣ። ክንፎቹን አጥፋችሁ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል በሁለት እስር እሰሩ። ብሎኖቹን በቆርቆሮ አድርጋችሁ ከመጀመሪያው ክንፍ ጋር አንጠልጥሉ፤ የተሰበረ ሊስቴሎ ወይም የጎደለ ዳዶ ካለ እዚያው ቆርቆሮው ላይ በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ኦክቶበር ላይ እንጨት መሸጫው ከመዘጋቱ በፊት የምትፈልጉት ያ ዝርዝር ነው።